ስለት

ዛሬ ማሊያውን ሰቀሉት ጣሪያ ላይ፣
ሃያ ሦስት ቁጥር፣ ከመብራቱ በላይ።
ሕዝቡ ብድግ አለ፤ ጭብጨባ ጭብጨባ፣
ስንቴ ያባረረው ዳኛ እንኳን አነባ።
እኔ ከታች ነበርሁ፣ ከደረጃው ሥር፣
ጎንበስ ካላሉላት በማታሳልፍ በር፣
ዘይትና እርጥብ ቆዳ በሚሸትባት ክፍል፣
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የበረዶ ጫማውን ስስል።

ሃርማላህቲ ማለት የወረቀት አገር፣
ባሕሯ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ 'ሚጋገር፤
ፋብሪካው ሲዘጋ፣ ጭሱ ሲቆም ቀጥ፣
ተስፋ የሚባለው በሆኪ ሲለወጥ፣
ከተማው ተሳለ፣ ኪሱን አንጠፍጥፎ፦
"ኤይኖ ዋንጫ ያምጣ፣ ክፉው ዘመን አልፎ!"
መልኩም ተሳለለት፣ በዳቦ ቤቱ ግንብ፣ ከቁመቱ ገዝፎ፤
ጫማው ግን ተሳለ፣ እኔ ጋ፣ ከሌሎቹ ጫማ ተራውን ተሰልፎ።

ኤይኖ ካታያማኪን ያየሁት ለት ዘጠኝ ነው ዕድሜው፣
የወንድሙ ጫማ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቆ፣ በግድ የሚለካው።
ገልብጬ አየሁት፤ የግራው ብረት
ከውስጥ በኩል አልቋል፣ ከውጭ እንደ አዲስ አለበት ስለት።
"ትንሽ ታዘነብላለህ" አልሁት። "አውቃለሁ" አለኝ።
ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ "ክንፍ አለው" ሲለኝ
ዝም እል ነበረ። ክንፍ ሞርጄ አላውቅም፤
ያቺን ዘንበል እንጂ ሌላ ምስጢር የለም።

ዊኒፔግ ወሰዱት። አራት ክረምት ቆየ፣
ሦስት ጥርሱን ትቶ፣ ብዙ ገንዘብ አየ።
ጫማውን ከዚያ ድረስ በፖስታ ይልካል፤
"እዚያስ ሞራጅ የለም?" ብዬ ብጽፍለት፣ "አለ፣ ግን ይስላል
ለሁለት ቀና እግር" ብሎ ይመልሳል።

ከዚያ ተመለሰ። ከዚያ ያ ፍጻሜ።

ሂልካን በቀበርሁ በሦስተኛው ቀን ነው።
"ዕረፍ" አሉኝ፤ እምቢ፤ ቤት ምን ልሠራ ነው?
ድንጋዩ ሲሽከረከር፣ ፍንጣሪው ሲረግፍ፣
እጄ እሷን ሲያስብ፣ የግራው ጠርዝ ሲገፈፍ፣
ፀጉር ታህል አለፍሁ። አንዲት ፀጉር ታህል።
አውቄ ነበር? እንጃ። ያ ምሽት ጭጋግ ነው፤ በእጅ ሲይዙት ይሟሟል።

ሁለት ደቂቃ ቀርቶ፣ እኩል ለእኩል ሳለ፣
ኤይኖ ጥቁሯን ጎማ ከመሀል መንጭቆ ሁሉን ጥሎ ኰበለለ።
ከበረኛው በቀር ማንም ከፊቱ የለም፤ ግራውን ረገጠ፤
ብረቱ በረዶውን አልነከሰም፤ እንደ ሳሙና አዳለጠ።
ጎማዋም ብቻዋን፣ ባለቤት እንደሌላት ውሻ፣
ስታዘግም ሄዳ ቀረች ከጥጉ መጨረሻ።
እነዚያ አገቡ።

ጋዜጣው "አረጀ" አለ። ግንቡ ላይ ያለውን መልኩን
ቀለም ደፉበት፣ አጠፉት ዓይኑን።

ጫማውን ባንገቱ አንጠልጥሎ ወረደ፤ ጎንበስ ብሎ ገባ።
"ኤይኖ፣ ብረቱ..." አልሁ።
አውራ ጣቱን በጠርዙ ላይ አሳለፈ። ደማ።
"ብረቱ ደህና ነው" አለኝ። "እግሬ ነው።"
ጣቱን እየመጠጠ ከሣጥኑ ላይ ተቀመጠና
"ሂልካ መጨረሻ ላይ በጣም ተሠቃየች?" ብሎ ጠየቀኝ።

ዋንጫው አልመጣም። ስለቱ አልሰመረም፣
አራት መቶ ዐሥራ ሁለት ጎል ቢቆጠርም።
ከንቲባው ዛሬ ያቺን መውደቅ ቀልድ አድርገው አነሱ፤
ሰዉ ሳቀ፤ በቧንቧው ሰማሁት፤ ሳቀ ደግሞ እሱ።
ልወጣ አሰብሁ፣ "እኔ ነኝ" ልል በሕዝብ ፊት፤
ደረጃው ሃያ ስድስት ነው፤ ሰባቱን ወጣሁና ተቀመጥሁበት።

ጭብጨባው ሲያበቃ ኮቴ ሰማሁ። በሯ ላይ ጎንበስ አለ።
ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ከረባቱን ፈቷል፤ ጫማው ባንገቱ ተንጠልጥሏል።
"ነገ ጠዋት ልጆቹ ባሕሩ ላይ ይጠብቁኛል፤
በረዶው ዘንድሮ ስስ ነው፤ ዳር ዳሩ ግን ይይዛል።
ሳልልኝ።"

ተቀበልሁት። ድንጋዩን አስነሳሁ።
ቀኙን ጨረስሁ። ግራውን
ወደ መብራቱ አንስቼ፣
አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣
ሁለት ጊዜ አየሁ።